የባዶው ሳህን ውጤት

ባዶ መሆን የነበረበት ሳህን ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ወጥተውበት ነበር።

ጠብታ መጀመሪያ የጠረጠረችው የገዛ እጅ ጽሑፏን ነው። ክዳኑን ገልብጣ አየችው። በራሷ ጠማማ ፊደል «ባዶ» ይላል። ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አየችው፤ ነጠብጣቦቹ አልጠፉም። ከተማሪዎች መኝታ ቤት ቧንቧ የቀዳችው ውሃ ያበቀለውን ያህል ባይሆንም አብቅሏል። ዘሩም ያው ነው፤ ከሰው አንጀት ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚገባው ተሕዋስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚመረምር ሰው ከቧንቧ ከቀዳው ናሙና ጎን አንድ ባዶ ናሙና ይሠራል። ምንም የሌለበትን የተጣራ ውሃ በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ይይዛል፣ በዚያው ማጣሪያ ያሳልፋል፣ እዚያው ኢንኩቤተር የሚሉት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ያሳድረዋል። የባዶው ሳህን ሥራ ዝም ማለት ነው። እሱ ዝም ካለ ሌሎቹ ሳህኖች የሚናገሩት ስለ ውሃው ነው ማለት ነው። እሱም ከተናገረ ግን ቆሻሻው ከውሃው ይምጣ፣ ከጠርሙሱ ይምጣ፣ ከእጅ ይምጣ መለየት አይቻልም። የሁሉም ምስክርነት ይወድቃል። የጠብታ የመመረቂያ ጥናት፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት፣ መዳፍ በማታህል ሳህን ምክንያት እዚያው መስኮት ሥር ወደቀ።

ጠብታ ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ናቸው ያወጡላት፤ አንድም ቁመቷ አጭር ስለሆነ፣ አንድም ጠርሙስ ይዛ ከቧንቧ ሥር ስለማትጠፋ። የምትማረው ኅብረተሰብ ጤና ነው። የምትማርበት ቦታ ዩኒቨርሲቲ ይባላል፤ ድሮ የቤት ዕቃ መሸጫ የነበረ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ደረጃው ላይ ያሉት ትልልቅ መስታወቶች ከሱቁ የተረፉ ናቸው፤ ተማሪዎች ሲወጡና ሲወርዱ ፀጉራቸውን ያስተካክሉባቸዋል። በየፎቁ ራእይ፣ ተልእኮና እሴት በወርቃማ ክፈፍ ተሰቅለዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካሉት መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት መሪ ቃላት ይበዛሉ። ለሁሉም ነገር መመሪያ አለ። ስለ ፀጉር አቆራረጥ መመሪያ አለ፣ ስለ ሊፍት አጠቃቀም መመሪያ አለ፣ ሊፍት ግን የለም። መመሪያ ያልወጣለት ነገር ቢኖር ማስተማር ብቻ ነው።

ጥናቱ የተጀመረው በረጅሟ ምክንያት ነው። ረጅሟ የጠብታ ክፍል ጓደኛ ነበረች፣ አልጋቸው ጎን ለጎን። ባለፈው ዓመት ትኩሳት ያዛት፣ ሆስፒታል ተኛች፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። ስታገግም የሕክምና ማስረጃዋን ይዛ ያመለጣትን ፈተና ለመፈተን ሬጅስትራር ቢሮ ሄደች። የቢሮው ሠራተኛ መመሪያውን ገልጦ አነበበላት። ማስረጃ መቅረብ ያለበት በታመሙበት ሰሞን ነው።

«በታመምኩበት ሰሞንማ ታምሜ ነበር» አለችው ረጅሟ።

«ታዲያ ያኔ ነበር ማምጣት።»

«ተኝቼ ነበር እኮ።»

«እሱን እኔ አላየሁም።»

ዓመቱ ተቃጠለባት። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠብታ እስከ አውቶብስ መናኸሪያ ሸኘቻት። በማግስቱ ጠብታ አማካሪዋ ዘንድ ሄዳ የመመረቂያ ርእሷን መቀየር እንደምትፈልግ ተናገረች፤ የመኝታ ቤቱን የመጠጥ ውሃ ማጥናት ፈለገች። የጥናት ኮሚቴው ፈቀደላት። የፈቀደላት ስላላነበበው ነው፤ አንብቦ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ስብሰባ ሲጠራና ሲበትን በቆየ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ሰማያዊ ሆነው ሲወጡ ወሬው ሕንፃውን በአንድ ቀን አዳረሰው። ባዶው ግን ያን ጊዜ አልተሠራም። የተጣራ ውሃ አልቆ ነበር፤ የግዢ ጥያቄ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ወራት ፈጀ። አማካሪዋ «ግድ የለም፣ ባዶውን መጨረሻ ላይ ትሠሪዋለሽ» አላት። መጨረሻው ይኸው መጣ።

የላቦራቶሪውን ቴክኒሻን ዕቃ ማጠቢያው ፊት አገኘቻቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ነጭ ካፖርታቸው በደረት ኪሱ በኩል በቀለም ተበክሏል።

«ጋሼ፣ የኔን ጠርሙሶች እንዴት ነው የሚያዘጋጁልኝ?»

«እንደ ሕጉ ነዋ። በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ አውቶክሌቭ።»

«ከአውቶክሌቩ ሲወጡስ?»

«ሲወጡማ ደመና ይመስላሉ፤ እንፋሎቱ ነጭ ነገር ይተውባቸዋል። ነይ ላሳይሽ።»

ከአውቶክሌቩ፣ ማለትም ዕቃን በእንፋሎት ቀቅሎ ተሕዋስ ከሚገድለው ድስት፣ አንድ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን ፈቱ። ከቧንቧው ሥር ያዙት፣ አንቀጨቀጩት፣ ደፉት። ከዚያ በእንጨት ጫፍ የተጠቀለለ ጨርቅ ወደ ውስጥ ሰድደው አሽከረከሩት። ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

«እያት። አልማዝ።»

«ይሄን እንዲያደርጉ ማን አዘዘዎት?»

«ማን ያዘኛል፣ ጥራት ነዋ። ያኔ የትምህርት ጥራት መርማሪዎቹ ሊጎበኙን የመጡ ጊዜ ዲኑ በሰው ፊት አንድ ጠርሙስ አንሥቶ ‘ይሄ ነው ላቦራቶሪዎ?’ ብሎ አፈር አስጋጠኝ። ከዚያ ወዲህ የማያበራ ብርጭቆ ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።»

«ጨርቁስ?»

«ጨርቁ ምን ሆነ? አጥበዋለሁ።»

«በየትኛው ውሃ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ነገር ፈልገሻል እንዴ? በየትኛው ውሃ ይታጠባል? በዚሁ ነዋ።»

ነገረቻቸው። ከአውቶክሌቩ የወጣ ጠርሙስ ውሃው እስኪቀዳበት ድረስ መከፈት እንደሌለበት ነገረቻቸው። ቴክኒሻኑ ጠርሙሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ስትወስጂ ምነው ዝም አልሽ? ‘ጋሼ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚያበሩልኝ’ ስትይ አልነበር?»

ብላ ነበር።

እዚህ ላይ ቴክኒሻኑን መርገም የሚያምረው ሰው ቆም ይበል። ከአለቃው ስድብ የተማረ ሰው የሚማረው እንዳይሰደብ ብቻ ነው። ዲኑ ንጽሕናን በዓይን የሚታይ ነገር አደረገው፤ እሳቸውም በዓይን አሳዩት። ብርጭቆው አበራ፣ መርማሪዎቹ ተደሰቱ፣ የምስክር ወረቀቱ ዋናው በር ላይ ተሰቀለ። ሳይንስ ያለበት ቤት መሆኑን ብቻ ማንም አላስታወሰም።

አማካሪዋን ተማሪዎቹ መድፉ ይሉታል። ቀሪ ለመቆጣጠር ስም ሳይጠራ ሠላሳ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው የሕንፃው ብቸኛ መምህር ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ከታችኛው ፎቅ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች የወጡ ሰሞን በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለዲኑ «ለልጆቹ የምታጠጧቸው የሽንት ቤት እጣቢ ነው» ብሎት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን የሚያስመሰክርለት የጠብታ ጥናት ብቻ ሆነ።

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ጨርቁ ነገረችው። እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ይህ በራሱ አስፈራት።

«ማን አየው?» አላት።

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«እርስዎ፤ አሁን።»

«እኔ መነጽሬን አላደረግኩም።»

ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ወደሷ ገፋው።

«ስሚኝ። ያ ውሃ ቆሻሻ ነው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ዲኑም ያውቃል፤ የታሸገ ውሃ ከጠረጴዛው የማይጠፋው ለምን ይመስልሻል? ረጅሟን ምን ጣላት? ጨርቅ ነው የጣላት?»

«ምን እንደጣላት አላውቅም መምህር።»

«አታውቂም።»

«ምግብ ሊሆን ይችላል። ውሃውም ሊሆን ይችላል። እሱን ለማወቅ ነበር የተነሣሁት።»

«ቤት ሲቃጠል ክብሪቱን ማን ጫረው እያልሽ ትመራመሪያለሽ ወይስ ታጠፊያለሽ?»

«ባዶ የሌለው ጥናት ወሬ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። ሁለተኛ ዓመት እያለን።»

«አፌን በቆረጠው» አለ መድፉ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጣሪያውን አየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እንግዲያው የሚሆነውን ልንገርሽ። ይሄን ሳህን ስታቀርቢ አንቺ የምትይው ‘ማወቅ አልቻልኩም’ ነው። እነሱ የሚሰሙት ‘ንጹሕ ነው’ የሚለውን ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ሰምተሻል? አንቺ ግን አብረሽ መዋል ብቻ ሳይሆን ቢላዋውን ስለሽ እየሰጠሻቸው ነው።»

«ታዲያ ልደብቀው?»

«አልሠራሁትም ነው የምትይው። የተጣራ ውሃ አልተገዛም፣ አለቀ። እውነትም ለረጅም ጊዜ አልተገዛም።»

ሳህኑን አንሥታ ወጣች።

መድፉ ስለ ሰዎቹ ከተናገረው አንድም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ስለ ሳህኑ ነው። ውሸት በደግ ሰው እጅ ሲገባ መድኃኒት ይሆናል ብሎ የሚያምን ምሁር ከሚታገላቸው ሰዎች የሚለየው በደመወዙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያሳዝነው ደግሞ ቁጣው እውነተኛ በመሆኑ ነው። ሐሰተኛ ቁጣ ቢሆን ንቆ ማለፍ ይቻል ነበር።

ጠብታ ግን ሌላ መንገድ ታይቷት ነበር፤ ናሙናውን ባልተከፈቱ ጠርሙሶች እንደገና መውሰድ። ዲኑ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ጥያቄዋን ቆማ ሰማቻትና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የትምህርት ዘመን መርሐ ግብር አገጯን ቀሰረች።

«ናሙና መሰብሰቢያ አልፏል የኔ እመቤት። ላቦራቶሪውም ለተመራቂዎች ተዘግቷል።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትመዘገቢያለሽ፣ አዲስ ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። ጥናቱ የሚካሄድበት ተቋም መስማማት አለበት።»

«ተቋሙ እኮ እናንተ ናችሁ።»

«እሱን እኛም እናውቃለን» አለች ጸሐፊዋ፤ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

ጥናቱ የተገመገመው በትልቁ አዳራሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለተማሪ ጥናት የሚመጣው ዘመድና ቀጣዩ ተረኛ ነው። የዚያን ቀን ግን ወንበር ጠፍቶ ተማሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፊት ለፊት ዲኑ ተቀምጧል፤ ለስላሳ ሰው፣ ሲናገር እጆቹን እንደ ሐኪም የሚያጣምር። ከጎኑ ከሌላ ተቋም የተጋበዘው የውጭ ገምጋሚ አለ። መድፉ ጥግ ይዟል፤ ሳህኑን ታቅርበው አታቅርበው አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም።

ጠብታ ውሃው ስለሚጠራቀምበት ታንከር ተናገረች፣ ስለ ቧንቧዎቹ ተናገረች። ሰማያዊ ሳህኖቹን በስክሪኑ ላይ ስታሳይ ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ «ኧረ እኔ ዛሬም ጠጥቻለሁ» ሲል ተሳቀ። ከዚያ የባዶውን ሳህን ፎቶግራፍ አሳየች። ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ቃል አስረዳች። ጠርሙሶቹ ከተቀቀሉ በኋላ መከፈታቸውንና መወልወላቸውን ተናገረች፤ ማን እንደወለወላቸው አልተናገረችም። «ስለዚህ ቆሻሻው የውሃው ይሁን የጠርሙሱ መለየት አልቻልኩም» ብላ ጨረሰች።

መድፉ ግንባሩን በእጁ ደገፈ።

ዲኑ ከመቀመጫው ተነሣ። «እኔ በዚህ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ታማኝነት አይቼ አላውቅም» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። ተማሪውም አጨበጨበ፤ ዲን ሲያጨበጭብ እጅን አጣምሮ መቆም ልብ ይጠይቃል። ጭብጨባው ሲያበቃ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«ታዲያ ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ዲኑ። «እንደሰማችሁት ጥናቱ በውሃው ላይ ችግር አላገኘም።»

«እንደዚያ አላልኩም» አለች ጠብታ።

«ልጄ፣ ችግር መኖሩን አረጋግጠሻል?»

«አላረጋገጥኩም።»

«እንግዲያው?»

«አለመኖሩንም አላረጋገጥኩም።»

የውጭ ገምጋሚው ሰዓቱን አየና ፈገግ አለ። «ይሄ የቋንቋ ጉዳይ ነው የኔ እኅት። ችግር መኖሩ አልተረጋገጠም ማለትና ችግር የለም ማለት ያው ነው።»

«ያው አይደለም ዶክተር። መብራት የጠፋበት ክፍል ገብቼ እባብ ካላየሁ፣ ገብተው ይተኙበታል?»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ገምጋሚው ፈገግታውን ሰብስቦ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። ያን ጊዜ ነው መድፉ የተነሣው።

«ጠርሙሱ ለምን እንደተወለወለ ንገሯቸው እንጂ» አለ፤ ድምፁ ጣሪያውን ነካ። «ለመርማሪ እንዲያበራ ነው። በማን ትእዛዝ? ሰውን አዋርዳችሁ ብርጭቆ አስወለወላችሁ፣ ብርጭቆው ጥናቱን ገደለው፣ አሁን በሬሳው ላይ ታጨበጭባላችሁ። የምታፍሩት መቼ ነው?»

ዲኑ አልተቆጣም። እጆቹን አጣምሮ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ በዚያ በለስላሳው ድምፁ ጠየቀው።

«መምህር፣ አማካሪዋ እርስዎ ነዎት። ባዶው ናሙና ለምን መጀመሪያ ላይ አልተሠራም?»

መድፉ አፉን ከፈተ። ሁሉም የሚጠብቀው ፍንዳታ አልመጣም። ቁጭ አለ። ጠብታ ስለ ግዢው ጥያቄ፣ ከቢሮ ቢሮ ስለተንከራተተው ወረቀት እንዲናገር ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር። ለሌላው ጥፋት አፉ መድፍ የሆነ ሰው ለራሱ ጥፋት ምላስ ያጣል፤ ይህ ደግሞ በዚያ ሕንፃ ብቻ የሚገኝ በሽታ አይደለም።

ውሳኔው ተነበበ። ጥናቱ በዕርማት አልፏል። ዕርማቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ድምዳሜው ላይ «መለየት አልተቻለም» የሚለው ወጥቶ «የመኝታ ቤቱ ውሃ ከብክለት ነጻ ነው» የሚል ይገባል። በመመሪያው መሠረት ድምዳሜ የሌለው ጥናት ጥናት አይደለምና፣ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ዕርማቱ ካልገባ ተማሪዋ እንደወደቀች ይቆጠራል።

በማግስቱ ጠዋት በመኝታ ቤቱ በር፣ በመመገቢያው ግድግዳና ከየቧንቧው በላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዩኒቨርሲቲው ተማሪ በተካሄደ ሳይንሳዊ ጥናት የመጠጥ ውሃችን ንጽሕና ተረጋግጧል ይላል። ማኅተም አለው። ጠብታ ጥርሷን ሳትቦርሽ በቀጥታ ዲኑ ቢሮ ገባች። ጸሐፊዋ ልታስቆማት ብትነሣም አልደረሰችባትም።

«ማስታወቂያውን ያንሡልኝ ዶክተር።»

«ተቀመጪ ልጄ። ውሃ ትጠጫለሽ?» አላት፤ የታሸገውን እየጠቆመ።

«አልጠጣም። ማስታወቂያውን ያንሡልኝ።»

«ማስታወቂያው የዩኒቨርሲቲው ነው። ያንቺ ጥናቱ ነው።»

«ጥናቱ እንደዚያ አይልም።»

«ገና ስላላረምሽው ነዋ።» ዲኑ ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ክፉ ሰው መምሰል ከሚጠይቀው ድካም ሁሉ የዳነ ሰው ነው። «እይ፣ እኔም ተማሪ ነበርኩ። አሁን ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ እኔ ላጠፋው አልፈልግም። አንድ መስመር ጻፊ፣ ጋውንሽን ልበሺ፣ ከዚያ ወጥተሽ የፈለግሽውን ውሃ ስትመረምሪ ኑሪ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።»

«እስኪጠራ ድረስ ልጆቹ ይጠጡታል።»

«አንቺ ራስሽ ቆሻሻ ነው አላልሽም።»

በዚህ ረገድ ልክ ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው። ሰዎቹ የራሷን እውነት ከእጇ ወስደው፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ፣ ለውሸታቸው መሠረት ጣሉበት። ቆሻሻ ነው ብላ እንዳትጮህ አታውቅም። ንጹሕ ነው ብላ እንዳትፈርም አታውቅም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ አለማወቋን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ ለዚያ ደግሞ ዲግሪ አይሰጥም።

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና አባቷ ጋ ደወለች። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። የልጁን ምርቃት የማያውቅ ደንበኛ የለውም፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው የት ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ለዚያ ቀን ሱቁን ሊዘጋ፣ ከእናቷና ከታናሽ እኅቶቿ ጋር በሌሊት ተነሥቶ ሊመጣ አስቧል። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። አባቷ እስክትጨርስ ሰማትና ጠየቃት።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«መጽሐፍ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ሰውስ ትጎጂያለሽ እንዳልል፣ ቆሻሻ መሆኑን አታውቂም አይደል?»

«ንጹሕ መሆኑንም አላውቅም።»

«እኔ አልተማርኩም ልጄ፣ እንዲህ ያለው ነገር አይገባኝም። የሚገባኝ እናትሽ ቀሚስ አሰፍታለች። የሚገባኝ እኅቶችሽ እንዳንቺ እንሆናለን ብለው መጽሐፋቸውን ታቅፈው እንደሚያድሩ ነው። ጻፊላቸውና ነይ። ዓለም ላይ ስንቱ ተጽፏል፤ ያንቺ አንድ መስመር ምን ያጎድላል?»

«እሺ» አላለችም፣ «እንቢ»ም አላለችም። «ማታ እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

ክፍሏ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ድምዳሜው ላይ ሄዳ «መለየት አልተቻለም» የሚለውን አጠፋች። ያን ማጥፋት እጇን አልከበዳትም። ባዶ ቦታው ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል አየችው። የተባለውን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። አነበበችው። እንደ ዓረፍተ ነገር ምንም አልጎደለውም፤ ሰዋስው የተስተካከለ፣ ገምጋሚው እንዳለውም የቋንቋ ጉዳይ። ፋይሉን ሳትልክ ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

መታጠቢያው ጋ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ጠርሙስ ትሞላለች። ጫማዋ አዲስ፣ መታወቂያዋ አሁንም አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ናት፤ አሮጌ ተማሪ መታወቂያውን ኪሱ ነው የሚከተው። ጠብታን አየቻትና ፊቷ በራ።

«አንቺ ነሽ አይደል ጥናቱን የሠራሽው? እኛ ክፍል ሁሉ የምናወራው ስላንቺ ነው። እናቴ ውሃው ተመርምሯል አልተመረመረም እያለች ስትጨነቅ ነበር፤ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።»

«ምን አለች?»

«እፎይ አለች። እስካሁን እየገዛሁ ነበር የምጠጣው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተገላገልኩ።»

ጠርሙሱ ሞልቶ ፈሰሰ። ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋችና ክዳኑን መፈለግ ጀመረች።

«አፍልተሽ ጠጪው» አለች ጠብታ።

«ለምን? ንጹሕ ነው ይላል እኮ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ቆሻሻ ነው?»

«አላውቅም።»

ልጅቷ ማስታወቂያውን አየችው፣ ማኅተሙን አየችው፣ ከዚያ ጠብታን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ወደ መሳለቅ ተለወጠ።

«ዓመቱን ሙሉ ስታጠኚ ከርመሽ አላውቅም ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«እንዲህማ ከሆነ እኔም ተመራማሪ ነኝ» አለችና ሳቀች። ጠርሙሱን አንሥታ ጎንጨት ጎንጨት አድርጋ ጠጣች። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ የቀረውን ይዛ፣ አዲሱን ጫማዋን እያንቋቋች ሄደች።

ጠብታ ፊቷን ሳትታጠብ ተመለሰች። የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር አጠፋች። በቦታው የድሮውን መለሰች፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጨመረች። ውሃው ባልተከፈተ ጠርሙስ በገለልተኛ ላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ ፈልቶ እንዲጠጣ ይመከራል አለች። ለዲኑ፣ ለውጭ ገምጋሚውና ለመድፉ ላከችው። ከመድፉ ወዲያው መልስ መጣ፤ «ገባኝ» ይላል፣ ሌላ የለበትም። ከሌሎቹ ምንም አልመጣም። የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ሲለጠፍ የእሷ ስም አልነበረበትም።

አመሻሹ ላይ አባቷ ራሱ ደወለ። ከኋላው የሱቁ ሬዲዮና የሰዎች ሳቅ ይሰማል።

«ጻፍሽላቸው?»

«አልጻፍኩም አባዬ።»

ሳቁ ራቀ፤ ወደ ውጭ ወጥቶ መሆን አለበት፣ የመኪና ድምፅ መጣ።

«ለናትሽ ማን ይንገራት?» አለ።

«እኔ እነግራታለሁ።»

«ተይ፣ አንቺ አትንገሪያት» አለና ዘጋው።